አንድ ጫማ ወደ ኋላ

የካቲት 9

...ከዚያ መምህሩ በድምፅ ማጉያው አራተኛውን ስም ጠራ። አራቱም ስሞች እኔ ነበርኩ። ሩጫውን በራሴ ስም፣ ርዝመት ዝላዩን በአክስቴ ልጅ ስም፣ አሎሎውን ጉንፋን ይዟት በቀረች የክፍል ጓደኛዬ ስም፣ መሰናክሉን ደግሞ... በማን ነበር? ለአንድ ተማሪ አንድ ውድድር ብቻ ተብሎ ተነግሮናል። ምን ላድርግ? አንዱን ስመርጥ የቀሩት አሳዘኑኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አራት ጊዜ አሸነፍኩ፣ አራት ጊዜ ተጠራሁ። ሦስቱ ላይ እማዬ ከኋላ ስታጨበጭብ ይሰማኛል። አራተኛው ላይ ጭብጨባው ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላስታውስም። ተነሳሁ? ተቀምጬ ቀረሁ?

ለምን ዛሬ ትዝ እንዳለኝ አውቃለሁ። ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። «እያንዳንዱ የክለቡ አትሌት እስከ መጋቢት 30 አንድ ውድድር መርጦ ቅጽ ይሙላ። ለአንድ ውድድር አንድ ሰው።» «አንድ» የሚለው ሁሉ ከሥሩ ሁለቴ ተሰምሮበታል። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ማስመር ይወዳል። ከዚህ በፊት የመድኃኒት ፋብሪካ ነበር የሚመራው።

እኔ ደግሞ ሰባት ውድድር ነኝ። በሁለት ቀን መሰናክል፣ ከፍታ ዝላይ፣ አሎሎ፣ ሁለት መቶ ሜትር፣ ርዝመት ዝላይ፣ ጦር፣ ስምንት መቶ ሜትር። የሁሉም ነጥብ ይደመራል፤ ሜዳሊያው አንድ ነው። የማውቀውን ለራሴ ለምን እጽፋለሁ? እየተለማመድኩ ነው። ነገ ለሰውዬው መናገር አለብኝ።

የካቲት 10

ተናገርኩ። ጠረጴዛው ላይ አራት እስክሪብቶ በቁመታቸው ተሰልፈዋል።

«አንቺ ምንድን ነሽ?» አለ።

«ሰባት ውድድር ነኝ።»

«ሰባት መሆን አይቻልም። አንድ ጠርሙስ ላይ አንድ ወረቀት ነው የሚለጠፈው። የሳልም፣ የራስ ምታትም፣ የሆድም ብለሽ ብትጽፊበት ማን ይወስደዋል?»

«ሦስቱንም የታመመ ሰው ይወስደዋል፤ ምን ችግር አለው?»

አልሳቀም። አንዱን እስክሪብቶ አስተካከለ።

(ፊት ለፊት «እርስዎ» ነው የምለው። እዚህ ደብተር ውስጥ ግን አንቱታ ለጋሼ ብቻ ነው የተፈቀደው።)

ጋሼ አሰልጣኜ ናቸው። ሰዓት መያዣ ክሮኖሜትራቸውን በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ይዘው ይዞራሉ፤ ብርድ እንዳይመታው ይላሉ። ከእኔ በኋላ ገቡ፣ ሃያ ደቂቃ ቆዩ፣ ሲወጡ ካልሲውን እያወዛወዙ ነበር። ስምምነት ይዘው ነው የወጡት፦ በግንቦቱ የክለቦች ውድድር 5300 ነጥብ ካመጣሁ ሰባት ውድድር እንደ አንድ ይቆጠርልኛል። ካላመጣሁ ክለቡን እለቃለሁ። ከክለቡ ጋር የመኝታ ክፍሉም፣ የዕቃ ክፍሉ ሥራዬም አብሮ ይሄዳል።

እስከዛሬ ያመጣሁት ትልቁ 5214 ነው።

«ሰማንያ ስድስት ነጥብ ምን አላት?» አሉ ጋሼ። ዓይኔን ግን አላዩትም።

የካቲት 14

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የዕቃ ክፍሉን እከፍታለሁ። አሎሎዎቹ በክብደታቸው መደርደሪያ ላይ፣ ጦሮቹ ግድግዳው ላይ፣ መሰናክሎቹ ከበሩ ጀርባ። አስፈርሜ እሰጣለሁ፣ ቆጥሬ እረከባለሁ። ሁሉም የየራሱን ይወስዳል። የአሎሎዋ ልጅ ጦር ነክታ አታውቅም። የመቶ ሜትሯ ልጅ ትናንት ሦስተኛ ፎቅ ስትወጣ ሁለት ጊዜ አረፈች። «እኔ እስከ መቶ ነው» አለች፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ። እኔ ብቻ ነኝ በቀን ሰባቱንም ለራሴ የማስፈርም። ሰጪም እኔ፣ ተቀባይም እኔ።

ክፍል የምጋራት ሽመላ ግን ከሁሉም ትብሳለች። ከፍታ ዝላይ ናት፤ እግሯ እስከ አንገቷ ነው። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። እሷም ብድሯን መለሰች፣ «ሱቅ» አለችኝ። ሁሉም አሁን ሱቅ ነው የሚለኝ።

«ሁሉ አለሽ፣ ግን ሁሉም በችርቻሮ። አንቺ ጋ መጥቶ ሙሉ ኪሎ የሚያገኝ ሰው የለም» ትላለች።

ያሳቃል። ማታ ጥርሴን ስፋቅ ግን ሳቁ ያልቅና እውነቱ ይቀራል። ሙሉ ኪሎ የሚሆን ነገር አለኝ?

የካቲት 20

ሽመላ መንደርደሪያዋን በጫማዋ ትለካለች። ከዘንጉ ምሰሶ ተነስታ ተረከዝ በጣት፣ ተረከዝ በጣት። ስልሳ ሁለት ጫማ። እዚያ ላይ ነጭ ፕላስተር ትለጥፋለች፤ ሩጫዋ ከዚያ ይጀምራል። ለሰባት ዓመት ስልሳ ሁለት። ስለዚህ ቁጥር ስታወራ የደም ዓይነቷን የምትናገር ነው የሚመስለው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ከ1.76 አላለፈችም። ወደ ላይ ስትወጣ ዘንጉን በትከሻዋ ትነካዋለች።

«ዘንጉ ሥር ገብተሽ እኮ ነው የምትነሺው» አሏት ጋሼ ዛሬ ለመቶኛ ጊዜ። «አንድ ጫማ ወደ ኋላ ውጪ፣ የኔ ልጅ።»

«ጋሼ፣ የኔ ቁጥር ስልሳ ሁለት ነው።»

«ቁጥሩን ማን ሰጠሽ?»

«እግሬ።»

ቁርስ ላይ ደግሞ እንዲህ አለችኝ፦ «ፕላስተሩ ጣት ታህል ቢነቃነቅ አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ የያዘ ሰው እንዲህ ነው። አንቺ አይገባሽም።»

እስቲ እናያለን።

የካቲት 21

ውሃ ልትጠጣ ስትሄድ ጫማዬን የማስር መስዬ ቁጢጥ አልኩ። በጥፍሬ ፕላስተሩን ላጥኩት። አንድ ጫማ ወደ ኋላ መለስኩና ለጠፍኩት። ልትደናቀፍ፣ እኔም «ጣት ታህል አውቃለሁ» ብዬ እስክወድቅ ልስቅባት ነበር። ሳቁን አፌ ውስጥ አዘጋጅቼ ጠበቅኩ።

ተመልሳ ቆመች። እጇን አራገፈች። ሮጠች።

1.78።

ዘንጉ ንቅንቅ አላለም። ፍራሹ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ሰማዩን ታያለች። ያዘጋጀሁትን ሳቅ ዋጥኩት።

ጋሼ ፕላስተሩን አዩ። እኔን አዩ። ክሮኖሜትሩን ካልሲው ውስጥ ከተቱ።

የካቲት 22

ዛሬም ገፋሁት። ምን ላድርግ? ትናንት 1.78 ዘልላ ዛሬ ወደ 1.73 ብትመለስ ሰበቡ እኔ ነኝ።

መጋቢት 3

ቀልድ መሆኑ ቀርቶ የዕለት ሥራዬ ሆኗል። በሳምንት አራት ቀን ትዘላለች፣ በሳምንት አራት ቀን እገፋለሁ። ሰኞ የጫማ ማሰሪያ። ማክሰኞ የጠፋ የፀጉር ማስያዣ ፍለጋ በአራት እግሬ ዳኸሁ። ሐሙስ አሎሎ «አመለጠኝ»፤ ተንከባሎ ፕላስተሩ አጠገብ እንዲቆም ሦስት ጊዜ መሞከር ነበረብኝ። የአሎሎዋ ልጅ፣ «ዛሬ ወደ ኋላ ነው እንዴ የምትወረውሪው?» አለች።

ጋሼ ሲያልፉ ቀስ ብለው፣ «ስምንተኛ ውድድር ጀመርሽ» አሉኝ።

«ምን ላድርግ ጋሼ? እንንገራት?»

«ነግሬያት የለ ሁለት ዓመት? አንቺ ዝም ብለሽ ግፊ።»

መጋቢት 11

እማዬ ደወለች።

«አሁንም ሰባቱን ነው የምትሠሪው?»

«አዎ እማዬ።»

«ሰባት ነገር ይዘሽ አንድ ባል የለሽ።»

«ባል ነጥብ የለውማ።»

«ቀልጂ አንቺ! አንዱን ያዢ ብዬሻለሁ። ሰው አንድ ነገር ይዞ ሲያረጅ ያምርበታል።»

ይህን የምትለኝ ልብስ የምትሰፋ፣ ቁልፍ የምታስተካክል፣ የጎረቤቱን ሁሉ ፀጉር የምትቆርጥ፣ ሬዲዮ ፈትታ የምትገጥም ሴት ናት። ስታወራኝ እንኳ መቀሱ ይሰማል። የማንን ፀጉር ይሆን...

ስለ ትምህርት ቤቱ ልጠይቃት ፈለግኩ። አራተኛው ስም የማን ነበር? ተውኩት። በስልክ አይጠየቅም። ወይስ መልሱን ፈርቼ ነው?

መጋቢት 19

ሆዴ ውስጥ ሰባት ሴቶች ተከራይተዋል። ምሳ ላይ አሎሎ ወርዋሪዋ ሁለተኛ ሳህን ትላለች። ከፍታ ዘላይዋ ሳህኑን ታነሳባታለች። ጦር ወርዋሪዋ ክርኗን ታማርራለች። ሁለት መቶዋ ጨርሳ ተነስታለች። ስምንት መቶዋ ጥግ ይዛ ስሟን እንዳይጠሩት ትጸልያለች።

የቤቱ ባለቤትስ የታለች? ሰባቱ ሲወጡ ቤቱ ውስጥ የሚቀር ሰው አለ?

ሽመላ ይህ ጭንቀት የለባትም። ጠዋት ስትነሳ ማን እንደሆነች ታውቃለች። ስልሳ ሁለት ጫማ ናት። እሱንም እኔ ስልሳ ሦስት አድርጌባታለሁ።

መጋቢት 30

ቅጽ ሞላን። ሽመላ አንድ ቃል ጽፋ በሁለት ሰከንድ ጨረሰች። እኔ «ሰባት ውድድር» ብዬ ጻፍኩና በቅንፍ ሰባቱንም ዘረዘርኩ።

«ሳጥኑ ውስጥ አይገባም» አለች ጸሐፊዋ።

«አሳንሼ ጽፌዋለሁ።»

«ጦሩ ወጥቷል እኮ።»

እውነቷን ነው። ጦሩ ከሳጥኑ ወጥቶ የስልክ ቁጥሬ ላይ ተሰክቷል።

ሚያዝያ 6

ሥራ አስኪያጁ ኮሪደር ላይ አስቆመኝ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ የበለጠ ያስፈራል።

«ረጅሟ ልጅ በግንቦት 1.80 ካልዘለለች ከፍታው ክፍት ነው። አንቺ 1.74 አለሽ ተብያለሁ። እሱን ብቻ ብትሠሪ ትደርሺበታለሽ። የነጥቡን ነገር እንተወዋለን።» ፈገግ አለ። «መለያ ልለጥፍብሽ እችላለሁ።»

«አስብበታለሁ» አልኩ።

ለምን «አይሆንም» አላልኩም? አፌ የማን ነው?

ከሰዓት በኋላ ሙሉውን አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰብኩት። ሽመላን መጥለፍ አያስፈልገኝም። ማማት አያስፈልገኝም። ፕላስተሩን አለመንካት ብቻ። ራሷ በለካችው፣ ራሷ በለጠፈችው ቦታ ላይ መተው። ምንም ያላደረገ ሰው በምን ይከሰሳል?

ሚያዝያ 7

አልነካሁትም።

ጦሮቹን እየቆጠርኩ ቆየሁ። አሥራ አንድ ናቸው። አሥር ጊዜ ቆጠርኳቸው።

1.73። ከዚያ ሦስት ጊዜ ዘንጉን ይዛው ወረደች። ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ታያለች። ከዚያ ተነስታ ለብቻዋ ስትለካ አየኋት፤ ተረከዝ በጣት፣ ተረከዝ በጣት። ለረጅም ጊዜ ፕላስተሩ ላይ ቆመች።

ሻይ ስንጠጣ ቀና ብላ አየችኝ። «ዛሬ ሱቅ ዝግ ነበር እንዴ?»

«ደክሞኝ ነው» አልኩ።

«እኔም» አለች።

ሻዩ ምላሴን አቃጠለኝ። ይበለኝ።

ሚያዝያ 8

ገፋሁት። የጫማ ማሰሪያ። 1.79።

ሥራ አስኪያጁን ኮሪደር ላይ አግኝቼ «አስቤበት ነበር፣ ሰባቱ ይሻሉኛል» አልኩት። እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ መልሶ ከተተው። «ያንቺ ምርጫ ነው» አለ። «ምርጫ» የሚለውን ከሥሩ ያሰመረበት መሰለኝ።

ሚያዝያ 27

ከውድድሩ በፊት አንድ የጨነቀኝ ነገር። ሰባት ውድድር ሁለት ቀን ነው። የሽመላ ከፍታ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ነው። በዚያው ሰዓት እኔ ርዝመት ዝላይ ላይ ነኝ። ፕላስተሩን ማን ይገፋዋል?

ጋሼን ጠየቅኳቸው። «እኔ ከአጥር ውጭ ነኝ። አሰልጣኝ አይገባም» አሉ።

«እንንገራት ታዲያ።»

«ሦስት ሳምንት ሲቀራት? ‹በራስሽ ቁጥር አይደለም የዘለልሽው› ብለሽ? እግሯ ይከዳታል።»

አሰብኩት። ሰው ማታለል ሲለመድ እውነት መናገር እንዲህ ይከብዳል? የለም... አረፍተ ነገሩ አላማረኝም። ብቻ ጨንቆኛል።

ግንቦት 16

የመጀመሪያው ቀን። ባጭሩ።

መሰናክል 14.60። ከፍታ 1.71። አሎሎ 11.20። ሁለት መቶ 25.60። ድምሩ 3203። እንዲህ ጀምሬ አላውቅም። ሰባቱ ሴቶች አንድ ቀን ሳይጣሉ ዋሉ።

ሽመላ አሎሎዬን ከአጥሩ ማዶ ስታይ ነበር። «ስትወረውሪ ፊትሽ ግን ያስቀይማል» አለችኝ። ከእሷ ይህ አድናቆት ነው።

ግንቦት 17

ከየት ልጀምር?

የርዝመት ዝላዩ ጉድጓድ ከከፍታው ፍራሽ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ያለን ሦስት ሙከራ ነው። የመጀመሪያውን ጣውላውን ረግጬ አለፍኩ፣ ቀይ ባንዲራ። ሁለተኛው ሊደርሰኝ አራት ሰው ሲቀር ሽመላ ለክታ፣ ለጥፋ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቱታዋን ስታወልቅ አየኋት። ጀርባዋን ሰጥታ።

ዳኛዋን «ውሃ ልጠጣ» አልኳት።

«ቶሎ።»

ሮጥኩ። ውሃው በግራ ነው፣ እኔ ወደ ቀኝ። ቁጢጥ አልኩ። ፕላስተሩ አዲስ ነው፣ አልላጥ አለኝ። ጥፍሬ ተሰበረ። ላጥኩት፣ አንድ ጫማ ወደ ኋላ፣ ለጠፍኩት፣ ረገጥኩት። ከኋላዬ ቁጥሬ ሲጠራ ሰማሁ። ካሰብኩት ቀድሞ። ሁለት ልጆች ሙከራቸውን ትተዋል ለካ። ስመለስ ሰዓቱ ሞልቶ ባንዲራው ተነስቷል።

«ውሃው ጣፈጠሽ?» አለች ዳኛዋ።

አንድ ሙከራ ቀረኝ። ይህም ከከሸፈ በርዝመት ዜሮ ነኝ፣ ዜሮ ይዞ ደግሞ 5300 የለም። እኔ ለከፍታ በግራ እግሬ እነሳለሁ፣ ለርዝመት በቀኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ተሳስቼ አላውቅም። ዛሬ ስሮጥ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ጉድጓዱ አልነበረም፣ የሽመላ ዘንግ ነበር። እግሬም የምሰጋለትን ተከተለ። በግራ ተነሳሁ። አየር ላይ እያለሁ «ይህ እኮ የእሷ ነው» ስል ትዝ ይለኛል። አሸዋው ላይ አረፍኩ። 5.41። ከወትሮዬ መቶ ነጥብ የሚያንስ።

አሸዋ ከካልሲዬ እያራገፍኩ ቀና ስል ሽመላ የመጀመሪያ ዝላይዋን ልትጀምር ነው። 1.74፣ ለእሷ ማሟሟቂያ። ሮጠች... ከዘንጉ ርቃ ተነሳች፣ ዘንጉ ላይ በመቀመጫዋ አረፈችበት። ዘንጉም እሷም አብረው ወረዱ።

ተነሳች። ወደ ፕላስተሩ ሄደች። ከምሰሶው ጀምራ ለካች፣ ተረከዝ በጣት፣ ተረከዝ በጣት። ከንፈሯ ሲቆጥር ይታየኛል። ስልሳ አራት።

ስልሳ አራት?

ቀስ ብላ ዞረች። ሃምሳ እርምጃ ማዶ እኔን አየችኝ። ፕላስተሩን አነሳች፣ አንድ ጫማ ወደ ፊት አመጣች፣ ለጠፈች፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ በሜዳው ሙሉ ጮኸች፦

«ሱቅ! ትርፉን መልሼልሻለሁ!»

ራሷ ገፍታው ነበር። እኔ ርዝመት ላይ ስለሆንኩ አልደርስም ብላ፣ ራሷ አንድ ጫማ ወደ ኋላ ለጥፋው ነበር። ስልሳ ሦስት። እኔ ደርሼ ስልሳ አራት አደረግኩት። ዓለም ላይ ማንም ባልጠየቀኝ ጉዳይ መቶ ነጥብ ጥዬ።

ያኔ ነው «ሱቅ ዝግ ነበር እንዴ» ያለችኝ የገባኝ፤ እንደምገፋው ያን ቀንም ታውቅ ነበር።

ጦሩን ስወረውር ከኋላዬ ሰው ሲጮኽ ሰማሁ። ሽመላ 1.80፣ በሁለተኛው ሙከራ። የእኔ ጦር 35 ሜትር። ከደስታው ይሆን ከንዴቱ፣ ብቻ ሄደልኝ።

ጋሼ በአጥሩ ቀዳዳ ወረቀት አቀበሉኝ። ድምሬ እስካሁን 4449። ከስር ደግሞ፦ ስምንት መቶውን በ2:18። በደህና ቀን የሮጥኩት ምርጡ 2:20.9 ነው። ያለዚያ ፕላስተር 2:25 ይበቃኝ ነበር። ይህን አልጻፉትም። አላስፈለገም።

የመጀመሪያውን ዙር አላስታውስም። ሁለተኛው ላይ፣ ሁለት መቶ ሲቀረኝ፣ እግሬ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ እርጥብ ጨርቅ ሆነ። ስድስቱ ሴቶች ወርደው ቤታቸው ሄዱ። ስምንት መቶዋ ብቻዋን ቀረች፣ ስሟን እንዳይጠሩት የምትጸልየዋ። ከአጥሩ ውጭ ሽመላ በዚያ ሁሉ ቁመቷ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላለች።

«ተዘጋ እንዴ?! ሱቅ ተዘጋ እንዴ?! ደንበኛ መጥቷል እኮ!»

ሳቄ መጣ። እየሳቁ መሮጥ ያማል። ሳቁ ግን ከሕመሙ በለጠ።

መጨረሻውን መስመር አልፌ ወደቅኩ። ሁላችንም ወደቅን፣ ዘጠኛችንም፣ መሮጫው ላይ እንደተሰጣ ልብስ። ከዚያ ሁልጊዜ እንደምናደርገው አንዷ ሌላዋን አነሳች፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን ሜዳውን ዞርን፣ አንደኛዋም መጨረሻዋም። ይህን የሚያደርጉት የእኛ፣ የሰባት ውድድር ሰዎች ብቻ ናቸው። ሁለት ቀን አብሮ የተሰቃየ ሰው ደረጃ አይጠያየቅም።

ያሸነፈችው ልጅ በጆሮዬ፣ «ሁለተኛ ዝላይሽ ሲጠራ የት ነበርሽ?» አለችኝ።

«ውሃ ልጠጣ ሄጄ።»

«ፕላስተር ስትጠጪ አየሁሽ።»

ሁሉም አይቷል። እኔ ብቻ ነኝ ማንም አያየኝም ብዬ የምኖር።

ግንቦት 18

2:17.64። ድምር 5305። አምስት ነጥብ ትርፍ!

ሰሌዳው ላይ አዲስ ዝርዝር ተለጥፏል። ከፍታ ዝላይ፣ አንድ ሰው። አሎሎ፣ አንድ ሰው። ከታች «ሰባት ውድድር፣ አንድ ሰው»። አልተሰመረበትም። ሥራ አስኪያጁ አጠገቤ ቆሞ አነበበውና፣ «እንግዲህ መለያ አገኘሽ» አለ። ደስ ሊለኝ ሲገባ አንገቴ ላይ የሆነ ነገር ያሳከከኝ መሰለኝ።

ወደ እማዬ ደወልኩ። ነገርኳት። መቀሱ ቆመ።

«አልቅሰሽ እንዳይሆን» አልኳት።

«ለምን አለቅሳለሁ? የሰው ፀጉር ይዤ።»

ከዚያ ጠየቅኳት። በመጨረሻ።

«እማዬ፣ ያኔ ትምህርት ቤት... አራት ውድድር ስገባ አውቀሽ ነበር?»

«አራቱን ቁጥር አራት ሸሚዝ ላይ ማን የሰፋልሽ መሰለሽ?»

«...መሰናክሉን በማን ስም ነው የሮጥኩት?»

«በኔ ነዋ።»

«በአንቺ?!»

«ሌላ ስም አጣን። አራተኛው ሲጠራ አንቺ ደንግጠሽ ተቀመጥሽ። ስሙ የኔ ነው፣ ሄጄ ተቀበልኩ። ደርዘን እርሳስ።»

«መምህሩስ?»

«አየኝ። ምን ይበል? ጨበጠኝ። ሁለቱ እርሳስ አሁንም አለ፣ በእነሱ ነው ጨርቅ የማሰምረው።» መቀሱ ጀመረ። «በይ ሂጂ፣ የሰውዬው ግማሽ ጭንቅላት ቀርቷል።»

ግንቦት 24

ሽመላ አሁን በግልጽ ስልሳ ሦስት ትለካለች። ጋሼ አጠገቧ ቆመው ምንም አይሉም፣ ካልሲውን ብቻ ያወዛውዛሉ። ከእጄ አንድ ሥራ ቀነሰ። ማክሰኞ ከልማድ ቁጢጥ ብዬ ራሴን አገኘሁት፤ የጫማዬ ማሰሪያ እውነትም ተፈትቶ ነበር።

ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ የዕቃ ክፍሉ ተንኳኳ። መዝገቡን እንኳ አልዘረጋሁም። ሽመላ ናት። ወደ ኋላዋ አየች፣ ወደ ግራ አየች፣ ገባች። ጦሮቹ ፊት ቆመች።

«የቱ ነው ቀላሉ?»

«ለምን?»

«የቱ ነው አልኩሽ።»

ከግራ ሁለተኛውን አወረድኩላት። እንደ መጥረጊያ ያዘችው።

«እዚህ ጋ ነው የሚያዘው። ጣትሽን እንዲህ...»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም።»

«ለሰው ብታወሪ ሱቅሽን አቃጥለዋለሁ።»

«ፈርሚ።»

ፈረመች። ውድድር በሚለው ረድፍ ላይ እስክሪብቶውን ይዛ ቆየች፣ ቆየች፣ ባዶውን ተወችው። ጦሩን በአግድም ይዛ ልትወጣ ስትል በበሩ ግራና ቀኝ ገጭ አለ። ወደ ኋላ ተመለሰች። እንደገና ሞከረች። ገጭ።

«በቁመቱ» አልኳት።

ቀና አድርጋ ያዘችው፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ወጣች። በእግሯ በሩን ከኋላዋ ገፋችው። ተዘጋ።